ለቤትና ለጉረኖ ጥበቃ የሚሆን ጠመንጃ አመራረጥና አያያዝ

በሐርጌሳ ከተማ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች የሚኖር ባለ ከብት፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚያስባቸው ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጅብ ሲሆን ሁለተኛው ሌባ ነው። ሀብቱ በጉረኖው ውስጥ ቆሞ የሚያድር ነው እንጂ በሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ አይደለም። በጉና ፍየሉ በሐርጌሳ የከብት ገበያ ተሸጦ፥ ወደ በርበራ ወደብ ወርዶ፥ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በተለይ በሐጅ ወራት በዓረብ አገር እጅግ የሚፈለግ በመሆኑ፥ በአንድ ሌሊት የሚደርስ ጥፋት የቤተ ሰቡን የዓመት ሐሳብ ያፈርሳል። ስለዚህ ባለ ከብቱ ለቤቱና ለጉረኖው መጠበቂያ የሚሆን ጠመንጃ ቢሻ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው፥ አንዲት ላም ሲገዛ ጥርሷንና ጡቷን መርምሮ፥ ዘሯን ጠይቆ የሚገዛ ሰው፥ ጠመንጃ ሲገዛ ግን የትኛው ለቤት እንደሚስማማና ከገዛውም በኋላ የት እንደሚያኖረው ሳይጠይቅ መግዛቱ ነው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፥ በመጨረሻ ከሚጠቀሰው የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሶማሌላንድ በየቤቱ የሚገኘው የጦር መሣሪያ ለቤት ጥበቃ ተብሎ ተመርጦ የገባ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሰይድ መሐመድ ዓብዱላህ ሐሰን ደርቪሾች ጋር ይዋጋ በነበረበት ዘመን፥ በ1910 ከአገሩ መካከል ወደ ባሕሩ ጠረፍ ባፈገፈገ ጊዜ፥ ለወዳጅ ነገዶች ጠመንጃ አድሎ ነበር፤ ነገዶቹም በዚያው መሣሪያ እርስ በርሳቸው ተላለቁበት። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1977ና በ1978 የተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት፥ ቀጥሎም የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በግንቦት ወር 1988 ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ በገባ ጊዜ የተነሣውና ሐርጌሳ በአውሮፕላን ቦምብ የፈረሰችበት ጦርነት፥ ክላሽንኮቭን በየቤቱ ጥሎ አለፈ። ሶማሌላንድ በ1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ የነገድ ሽማግሌዎች በ1993 በቦራማ ለብዙ ወራት ተቀምጠው ያደረጉት ጉባኤ፥ ታጣቂዎች እንዲበተኑና ከባዱ መሣሪያ በመንግሥት እጅ እንዲገባ መንገድ ከፈተ፤ ቀላሉ መሣሪያ ግን በባለቤቱ እጅ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ1992 በሶማሊያ ላይ የጣለውና እስከ 2023 የቈየው የመሣሪያ ማዕቀብም ሕጋዊውን ንግድ ስላጠበበው፥ ቤቱን ለመጠበቅ የሚሻ ሰው የሚያገኘው ጠመንጃ ከጦር ሜዳ የተረፈው ሆነ።

የጦር ሜዳ ጠመንጃ ግን የጦር ሜዳን ሥራ ለመሥራት የተበጀ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ያለመበትን ቢስት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞም ሰው ሊገድል ይችላል። ይህ ለወታደር መልካም ነው፤ ከፊቱ ያለው ጠላት ነውና። በሐርጌሳ ሠፈር ግን ከሌባው በስተኋላ ያለው ጎረቤት ነው። የከተማዋ ቤት ከድንጋይና ከብሎኬት የተሠራው ብዙ ቢሆንም፥ በዳርቻዋ ያለው ቤት የቆርቆሮ ግድግዳ አለው፤ ከዚያም አልፎ እንጨት ጐብጦ ምንጣፍና ጨርቅ የለበሰው፥ ሶማሌዎች አቃል የሚሉት ድንኳን መሰል ጎጆ ይገኛል። ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ጥይት አይከለክልም። ከአንዱ ግቢ የተተኰሰ የክላሽንኮቭ ጥይት ሁለትና ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳ በስቶ፥ በአራተኛው ቤት ተኝቶ ያለውን ሕፃን ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ ለቤት የሚሆን ጠመንጃ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይገድላል» የሚለው ሳይሆን «ከሳተ በኋላ የት ይደርሳል» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሾትገን የሚባለው፥ በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚለቀው ጠመንጃ ነው። በርሜሉ በውስጡ ልሙጥ ነው፤ እንደ ሌላው ጠመንጃ ጥይቱን የሚያሽከረክር ጥምዝ ቦይ የለውም። ከቀለሁ የሚወጡት ፍሬዎች ክብ በመሆናቸው ነፋሱ ቶሎ ያደክማቸዋል። 2.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የወፍ ማደኛ ፍሬ ከ220 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ለትልቅ አውሬ የሚሆነው 8.4 ሚሊሜትር ፍሬ እንኳ ከ600 እስከ 700 ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከክላሽንኮቭ ጋር ሲመዛዘን ልዩነቱ ግልጥ ነው። ሆኖም ሾትገን ጎረቤትን አይነካም ማለት አይደለም፤ በቅርብ የተተኰሰ ትልቅ ፍሬ ቆርቆሮን ብቻ ሳይሆን የሳንቃ በርንም ይበሳል። ሰውን ሊያቆም የሚችል ማናቸውም ፍሬ ቀጭን ግድግዳ እንደማያቆመው አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጥቅሙ አደጋውን ማሳጠሩ ነው እንጂ ማጥፋቱ አይደለም።

የሾትገን መጠን አጠራር ለአዲስ ሰው እንግዳ ነው። «12 ቁጥር» ሲባል የሚሊሜትር ቁጥር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ቢከፈል፥ አንዱ ድቡልቡል በበርሜሉ ልክ የሚገባበት ጠመንጃ ማለት ነው፤ የበርሜሉም ስፋት 18.5 ሚሊሜትር ይሆናል። «20 ቁጥር» የሚባለው እርሳሱ ለ20 ስለሚከፈል ጠባብ ነው፤ 15.6 ሚሊሜትር ይለካል። ስለዚህ ቁጥሩ ባደገ መጠን በርሜሉ ይጠባል፤ ወደ ትከሻ የሚመታውም ኀይል ይቀንሳል። የፍሬውም ቁጥር እንደዚሁ ተገልብጦ የሚሄድ ከመሆኑም በላይ በእንግሊዝ፥ በአሜሪካና በኢጣሊያ አጠራሩ ይለያያል። ገዢው በሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን ይልቅ የፍሬውን ሚሊሜትር ቢያይ አይሳሳትም።

ስለዚህ ጠመንጃ በሰፊው የሚነገር አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ፤ ይኸውም «ፍሬው ስለሚበተን ማነጣጠር አያስፈልገውም» የሚለው ነው። ፍሬው እንደ ዘር አይበተንም። በግምት ለአንድ ሜትር ርቀት ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በአምስት ሜትር ክፍል ውስጥ ስፋቱ ከአንድ ጭብጥ እምብዛም አይበልጥም፤ በሠላሳ ሜትር ግን ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። አፈሙዙ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ እንደ ሆነ ስፋቱ ያንሳል፤ አፈሙዙ ልሙጥ እንደ ሆነ ይጨምራል። በቤት ውስጥ ያላነጣጠረ ሰው ይስታል፤ በግቢ ውስጥ በሩቁ የተኰሰ ሰው ደግሞ ያነጣጠረበትን ብቻ ሳይሆን በጐኑ ያለውንም ይመታል። እያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱ አበታተን ስላለው፥ ባለቤቱ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ከኋላው አፈር ያለበትን ሰፊ ካርቶን አቁሞ በአምስት፥ በዐሥርና በሃያ ሜትር አንዳንድ ጊዜ ተኩሶ ቀዳዳዎቹን ቢቈጥር፥ የጠመንጃውን ጠባይ በአንድ ቀን ይማራል።

ከዚህ የተነሣ ሾትገን ለሌባ መከላከያ ቢሆንም ለጅብ መከላከያ እንደሚታሰበው አይሆንም። ጅብ ከጉረኖ ውጭ ሆኖ አይጠብቅም፤ ሰው ነቅቶ ሲወጣ የሚያገኘው በፍየሎቹ መካከል ነው። በሃያና በሠላሳ ሜትር በጨለማ ወደ ተደናገጠ መንጋ የሚተኰስ ሾትገን ከጅቡ ይልቅ ፍየሉን ያገኛል። በፍሬ የቈሰለ እንስሳም ቁስሉ እየመረቀዘ በሳምንቱ ይሞታል፤ ለገበያም አይወጣም። ደግሞ በሌሊት በዐይን ብልጭታ ብቻ የሚተኩስ ሰው የጎረቤቱን ውሻ ወይም በሕግ የተጠበቀውን አቦሸማኔ ሊገድል ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ጠመንጃው የሚደርሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጅብን የሚከለክለው አጥር ነው።

አጥር ሲባል ግን የይስሙላ አጥር አይደለም። ከግራር ቅርንጫፍ የሚሠራው የእሾህ አጥር ሥሩ ወደ ውጭ፥ እሾሁ ወደ ውስጥ ሆኖ ከተቀመጠ ጅቡ ግንዱን ነክሶ ይጐትተዋል፤ ስለዚህ የቅርንጫፉ እሾህ ወደ ውጭ፥ ግንዱ ወደ ውስጥ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ደካማው ቦታ በሩ ነው፤ ከሌላው አጥር እኩል ወፍራም የሆነ መዝጊያ ሊኖረው ያስፈልጋል። ግልገሎች ለብቻቸው በውስጠኛው ጉረኖ ያድሩ ዘንድ ይገባል፤ አጥሩም በደረቀና በሳሳ ጊዜ መታደስ አለበት። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ለአጥር የሚቈረጠው ግራር፥ ለከሰል ከሚቃጠለው ጋር ተደምሮ፥ በሐርጌሳ ዙሪያ ያለውን ምድር ራቁቱን እያስቀረው ነው። በሰሜን ታንዛኒያ የማሳይ ከብት አርቢዎች የከርቤ ዛፍ ዘመድ የሆነውን ዛፍ ቅርንጫፍ በመስመር ተክለው፥ በመካከሉ የሽቦ መረብ ወጥረው ሕያው አጥር ሠርተዋል፤ ቅርንጫፉ ሥር ሰዶ ይለመልማል እንጂ አይበሰብስም። የከርቤ ዛፍ ወገን ለሶማሌ ምድር እንግዳ አይደለምና በዚህም አገር ቢሞከር ሊይዝ የሚችል ነው። መልካም አጥር፥ አንድ ንቁ ውሻና በጉረኖው በር ላይ የሚበራ በፀሐይ ኀይል የሚሠራ መብራት፥ ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ጠመንጃ ያነሰ ዋጋ የሚጠይቁ ሲሆኑ፥ የሚሠሩት ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው። ጠመንጃ የሚሠራው ባለቤቱ ሲነቃ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ጠመንጃ የሚያስፈልገው ቤት አለ። ከመንደር ርቆ ብቻውን የሚገኝ ቤት፥ በተደጋጋሚ የዘራፊ መንገድ የሆነ ቤት፥ ፖሊስ ቶሎ የማይደርስበት ቦታ ያለ ቤት እንደዚህ ያለው ነው። እንግዲህ ማን እንደሚይዘው ይታሰብ። በከብት አርቢ ቤተ ሰብ ወንዶቹ ከግመሉ ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱ፥ ከበጉና ከፍየሉ ጋር በቤት የሚያድሩት እናት፥ ሽማግሌና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጠመንጃው ለአባ ወራው ክብር ሳይሆን በቤት ለሚያድረው ሰው ትከሻ መለካት አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ ባዶ መሆኑ የተረጋገጠውን ጠመንጃ ሰደፉን በክንድ መታጠፊያ ውስጥ አድርጎ፥ በዚያው እጅ አመልካች ጣት ምላጩን መንካት ይቻል እንደ ሆነ ማየት ነው። ጣቱ ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሟልና አንጥረኛ ወይም አናጢ ሊያሳጥረው ያስፈልጋል፤ ከበስተኋላውም የላስቲክ ትራስ ይደረግበታል። ቀጭን ትከሻ ላለው ሰው ከ12 ቁጥር ይልቅ 20 ቁጥር ይሻላል። አንድ ጊዜ ትከሻውን የመታውን ጠመንጃ የሚፈራ ሰው፥ በክፉ ሌሊት ዐይኑን ጨፍኖ ይተኩሳልና።

ከሾትገን ዐይነቶች ሦስቱ ይበልጥ ይታወቃሉ። አንዱ ወገቡ ተሰብሮ ከኋላው የሚጐርሰው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት በርሜሉ ነው፤ ሁለተኛው ከበርሜሉ በታች ያለውን መያዣ ወደ ኋላና ወደ ፊት በመሳብ ጥይት የሚያጐርሰው ነው፤ ሦስተኛው በራሱ ኀይል የሚጐርሰው ነው። ቱርክ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዐይነት በርካሽ ዋጋ በብዛት ከሚሠሩት አገሮች አንዷ ናት። በጥይት ብዛት ሁለቱ ይበልጣሉ። ለሐርጌሳ ቤት ግን የመጀመሪያው የተመረጠ ነው። ምክንያቱም ወገቡ በተሰበረ ጊዜ ጥይት ያለበትና የሌለበት መሆኑ ለማንም ሰው በአንድ እይታ ይታወቃል፤ ጠመንጃውን የማያውቅ ጎረቤት እንኳ ይለየዋል። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ብረት ጥቂት በመሆኑ የሐርጌሳ አቧራ ቶሎ አያበላሸውም። በመሳብ የሚጐርሰው ዐይነት በሠለጠነ እጅ መልካም ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ግን ሲደነግጥ ግማሽ መንገድ ብቻ ስቦ ይተወዋል፤ ጥይቱም በመካከሉ ይነክሳል። ሁለት ጥይት ይበቃል ወይ የሚል ቢኖር፥ ከሁለት ተኩስ በኋላ ያልተመለሰ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ሳይሆን የፖሊስ ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ጥይትን በተመለከተ በቸልታ የሚደርሱ ሦስት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው በአንድ ቤት ሁለት ዐይነት ጠመንጃ ሲኖር የሚመጣ ነው። የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ቢገባ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ በበርሜሉ ጉሮሮ ይቀረቀራል፤ ባለቤቱም ምላጩን ስቦ ባለመጮኹ ጠመንጃው ባዶ የሆነ መስሎት በላዩ የ12 ቁጥር ጥይት ቢጨምርና ቢተኩስ፥ በርሜሉ በግራ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ቀለህ በቢጫ ቀለም የሚሠራው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው። ሁለተኛው የቀለህ ርዝመት ነው። ከእንግሊዞች ዘመን የቀሩ ብዙ ጠመንጃዎች 65 ሚሊሜትር ለሆነ ቀለህ የተበጁ ናቸው፤ የዛሬው ቀለህ ግን 70 ወይም 76 ሚሊሜትር ነው። ረጅሙ ቀለህ በአጭሩ ክፍል ይገባል፤ የሚያሳስተውም መግባቱ ነው፤ ሲተኰስ አፉ የሚከፈትበት ስፍራ ስለሚያጣ በርሜሉን ከልክ በላይ ያስጨንቃል። ሦስተኛው አሮጌው በርሜል ራሱ ነው፤ ሽቦ ተጠምዝዞና ተቀጥቅጦ የተሠራው፥ በላዩ የውሃ ሞገድ የሚመስል መልክ ያለው በርሜል ለጥቁር ባሩድ የታሰበ ስለ ሆነ፥ በግድግዳ ተሰቅሎ ቢታይ እንጂ በዛሬ ጥይት ባይተኰስበት ይመረጣል።

የፍሬው ውፍረት እንደ ሠፈሩ ይመረጣል። ከሌላ ቤት ርቆ ለሚገኝ ግቢ 8.4 ሚሊሜትር የሆነው፥ በአንድ መደበኛ የ12 ቁጥር ቀለህ ውስጥ ዘጠኝ ፍሬ የሚገባበት ይሠራል። ቤት ከቤት ጋር በተጠጋጋበት ሠፈር ግን ቶሎ የሚደክመው አነስ ያለው ፍሬ ይሻላል፤ ሌባን በማቆም ረገድ ቢያንስም ጎረቤትን በማዳን ይበልጣልና። እንደ አንድ ድፍን እርሳስ የሚተኰሰው ጥይት ለቤት ጥበቃ ፈጽሞ አይስማማም። ጥይቱ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በርበራን በመሰለ ወበቅ ባለበት ስፍራ የካርቶን ቀለህ እርጥበት ስቦ ያብጣል፥ በጠመንጃውም ውስጥ ይነክሳል። በደጋው አቧራ ደግሞ ብዙ ዘይት የተቀባ ጠመንጃ አቧራውን እንደ ሊጥ ይይዛል፤ ስለዚህ ዘይቱ በጨርቅ ተጠርጎ ስሱ ብቻ ሊቀር ይገባል። በርሜሉ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶ ወይም ጭቃ ገብቶ እንደ ሆነ ሳያዩ መተኰስ በርሜሉን ያፈነዳል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይመጣል። ጠመንጃ በቤት ውስጥ ባለ ዘመኑ ሁሉ ለሌባ የሚተኰስበት ደቂቃ ምናልባት አንድም ጊዜ አይመጣም፤ በልጅ እጅ የሚደርስበት ቀን ግን በየቀኑ ነው። የዴንማርክ የስደተኞች ምክር ቤት ክፍል የነበረው የፈንጂ አምካኝ ድርጅት በሶማሌላንድ ፈንጂ ሲያነሣ ከቈየ በኋላ፥ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ ወደ ሌላ ሥራ ተሻገረ፤ በየመንደሩ ስለ መሣሪያ አያያዝ ማስተማርና ጠመንጃን በቤት ውስጥ የሚቈልፍ የብረት መያዣ ለቤተ ሰቦች ማደል ጀመረ። ድርጅቱ ሰዎችን «መሣሪያችሁን አስረክቡ» ብሎ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ሰሚ ባላገኘም ነበር፤ «ቈልፉት» ብሎ ስለ መጣ ግን በር ተከፈተለት። ምክሩ ትክክል ነበር። በአልጋ ሥር፥ በትራስ ሥር ወይም በምሰሶ ላይ ጐርሶ የሚሰቀል ጠመንጃ ሌባውን ከመጠበቁ በፊት የቤቱን ልጅ ይጠብቃል።

መያዣ ያላገኘ ሰው በቀላሉ ሊያሠራ ይችላል። ወገቡ ለሚሰበር ጠመንጃ፥ ወገቡ እንደ ተሰበረ ሰንሰለት በበርሜሉ ውስጥ አሳልፎ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ጋር በተበሰረ ቀለበት ላይ በጓጉንቸር መቈለፍ ይበቃል፤ ሰንሰለቱ በበርሜሉ ውስጥ ሳለ ጥይት ሊጐርስም፥ ጠመንጃው ሊዘጋም አይችልም። ከልጅ ዐይን በላይ፥ ከበሩ ሳይሆን ከሚተኙበት ክፍል ይሁን። ጥይቱ በሌላ ሣጥን ይቈለፍ። ቁልፉን የሚይዘው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሁን፤ ልጆች አያገኙትም ተብሎ የሚደበቅ ቁልፍ ልጆች ቀድመው የሚያውቁት ቁልፍ ነው። ይህ ሁሉ ሲከፈት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያቺን ግማሽ ደቂቃ የሚሰጠው የውሻው ጩኸትና የአጥሩ በር ነው፤ አጥርና ውሻ አስቀድመው የተነሡበትም ምክንያት ይህ ነው።

የነቃው ሰውም ወዲያው አይተኩስ። ልጆቹን በአንድ ክፍል ይሰብስብ፤ የእጅ ባትሪ ያብራ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኛው ሌባ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ይሸሻል፤ የሸሸም ሰው በጀርባው አይተኰስበትም። በድምፅ ብቻ መተኰስ እጅግ አደገኛ ነው፤ በሐርጌሳ ከሌሊቱ በዐሥር ተኩልና በዐሥራ አንድ ሰዓት በጨለማ የሚሰማው ኮቴ ለንጋት ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄድ ሽማግሌ፥ ወይም ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምትገሠግሥ ሴት ሊሆን ይችላልና። በሶማሌ ልማዳዊ ሕግ፥ ሔር በሚባለው፥ በስሕተት ለጠፋ ነፍስም የደም ካሳ ይከፈላል፤ በጥንቱ ልክ ለወንድ 100 ግመል፥ ለሴት 50 ግመል ነው። የሚከፍለውም ተኳሹ ብቻ ሳይሆን ካሳ በአንድነት የሚከፍለው ወገኑ ሁሉ ነው። አሥር ፍየል ለማዳን የተተኰሰ አንድ ጥይት የዘመድ አዝማዱን ግመል ሊጨርስ ይችላል፤ ሙታኑንም አይመልስም።

ጠመንጃ የገዛ ሁሉ ባለበት አገር ሕግ ማስመዝገብና ፈቃድ መያዝ አለበት። በጦርነቱ ዘመን በአፈር የተቀበረ አሮጌ ጥይት፥ ቦምብ ወይም ፈንጂ በእርሻ ወይም በግቢ ቁፋሮ ቢገኝ፥ ለጠመንጃዬ ይሆነኛል ብሎ ማንሣት አይገባም፤ ምልክት አድርጎበት ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። ከቶጎ ውጫሌ ወዲህ ያለው አንባቢ ደግሞ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልገዋል፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለ ሆነ፥ በሐርጌሳ ገበያ በርካሽ የተገኘ ጠመንጃ በድንበሩ ኬላ ለባለቤቱ ክስ ይሆንበታል። አጥሩ፥ መብራቱና ጓጉንቸሩ ግን በየትኛውም ኬላ ፈቃድ አይጠየቁም።